ፈቅዶ የገባ ሰው ባሪያ ሊባል ይችላልን?

ባርነት የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው ያለፈውን ዘመን ነው። በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው በሰንሰለት የታሰረ ሰው፣ የገበያ ቦታና ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ ነው። በአገራችንም በ1916 ዓ.ም. ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ የሚያዝ አዋጅ መውጣቱን፣ በኋላም ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ መሻሩን በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት ጉዳይ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 49.6 ሚሊዮን ሰዎች በዘመናዊ ባርነት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 27.6 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ፣ 22 ሚሊዮኑ ደግሞ በግዳጅ ጋብቻ የተያዙ ናቸው። ታዲያ ይህን ያህል ሕዝብ በባርነት ሲኖር እኛ ለምን አናየውም?

የማናየው ሰንሰለቱን ስለምንፈልግ ነው። የዛሬው ባሪያ ብዙውን ጊዜ ሰንሰለት የለበትም። ፓስፖርት አውጥቷል፤ ውል ፈርሟል፤ ትኬት ተቆርጦለታል፤ ቤተ ዘመድ መርቆ ሸኝቶታል። በገዛ እግሩ ሄዶ ነው የገባው። ስለ እርሱ ሲወራም ወዲያው የሚነሣው «ፈቅዶ ነው የሄደው፤ ማን አስገደደው?» የሚል ቃል ነው። በዚህች አንዲት ቃል ጉዳዩ ይዘጋል፤ ሰሚውም ወደ ሥራው ይመለሳል።

እንግዲህ ይህች ቃል እውነት ናትን? በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ይህንን ነው። ጥያቄው በተለይ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ያለውን ወጣት የሚመለከተው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የዛሬው ተማሪ ነገ ነርስ፣ መምህር፣ ጠበቃ፣ የባንክ ወይም የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሲሆን የተሸጠ ሰው በፊቱ ያልፋል፤ ካላወቀው ደግሞ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት እንደምናየው ተማሪው ራሱ ሊሸጥ ይችላል።

መፍቀድ ምን ማለት ነው?

መፍቀድ ማለት አንድን ነገር አውቆ እሺ ማለት ነው። እሺ የተባለለት ነገር ከተለወጠ እሺታውም አብሮ ይወድቃል። ማኛ ጤፍ ነው ብሎ የሸጠልህ ነጋዴ፣ ጆንያውን ስትፈታው እንክርዳድ ቢወጣበት «ተስማምተህ ነው የገዛኸው» ሊልህ አይችልም። የተስማማኸው በጤፉ ነው። እንዲሁም በወር ይህን ያህል ደመወዝ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ተብሎ የተነገራት ልጅ ስትደርስ ደመወዝ የሌለበት፣ ሌሊቱ ከቀኑ የማይለይበት ቤት ቢጠብቃት፣ እሺ ያለችው ለዚህ አልነበረም።

ይህ ግን የጥያቄው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የሚመጣው ሰውዬው ሁሉን አውቆ የገባ እንደ ሆነ ነው። «መከራ እንዳለበት ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም እሄዳለሁ» ያለውን ሰው ምን እንለዋለን?

ጆን ስቱዋርት ሚል የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነጻነት ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶታል። የእርሱ ሐሳብ ባጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ራሱን ለባርነት የሚሸጥበት ውል ሊጸና አይገባም፤ የሰውን ምርጫ የምናከብረው ነጻነቱን ስለምናከብር ነውና። ራሱን የሚሸጥ ሰው በዚያች በአንዲቱ ምርጫ ወደ ፊት ሊመርጥ የሚችለውን ሁሉ አሳልፎ ይሰጣል። ነጻነትን በነጻነት ስም ማጥፋት ደግሞ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው።

ይህን በቀላል ምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ወደ ጎረቤቱ ቤት በፈቃዱ ገባ እንበል። ከገባ በኋላ በሩ ከውጭ ተቆለፈበት። ሲጮኽ «በፈቃድህ አይደለም እንዴ የገባኸው?» ቢባል ይህ መልስ ይሆናልን? አይሆንም። የመግባት ፈቃድ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ የመቆየት ፈቃድ ግን በየዕለቱ የሚታደስ ነው። አንድ ሰው ዛሬም ለመቆየት የፈቀደ መሆኑ የሚታወቀው ዛሬ ሊወጣ የሚችል እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ባርነትን ለመለየት የሚረዳን ዋናው ጥያቄ ስለ አገባቡ የሚጠየቀው አይደለም። ዋናው ጥያቄ «መውጣት ትችላለችን?» የሚለው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕግም ወደዚሁ ሐሳብ የደረሰ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1926 በጄኔቫ የተፈረመው የባርነት ስምምነት ባሪያ የሚለው በሰነድ የተሸጠውን ብቻ አይደለም። አንዱ ሰው በሌላው ላይ እንደ ንብረት ባለቤት ሥልጣን የሚሠራበት ሁኔታ ሁሉ ባርነት ነው። የሽያጭ ወረቀት መኖሩ አስፈላጊ አይደለም፤ የባለቤትነት ሥራ ከተሠራ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውና በተለምዶ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል የሚባለው ስምምነት ደግሞ በሰው መነገድን በሦስት ነገሮች ይፈታዋል። እነዚህም ድርጊቱ፣ ዘዴውና ዓላማው ናቸው። ድርጊቱ ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል ነው። ዘዴው ኃይል፣ ዛቻ፣ ማታለል ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ነው። ዓላማው መበዝበዝ ነው። ከነዚህ ዘዴዎች አንዱ ተሠርቶበት ከሆነ የተበዳዩ እሺ ማለት ነጋዴውን ከጥፋት አያነጻውም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ዘዴው እንኳ አይጠየቅም፤ ለብዝበዛ መመልመሉ ብቻ ይበቃል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2004 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178ም በሰው መነገድን በከባድ ወንጀልነት ያስቀጣል። በሰው መነገድ በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 18 የተከለከለ ነው።

እንግዲህ «ፈቅዶ ነው የሄደው» የምትለዋ ቃል በፍልስፍናም በሕግም የቆመችበት መሬት ጽኑ አይደለም። ነገር ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

በሩ በምን ይቆለፋል?

ሰንሰለት ከሌለ ሰው በምን ይታሰራል? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ 11 ነጥቦችን ዘርዝሯል። ከእነርሱ በመነሣት፣ የራሳችንንም በመጨመር፣ የበሩን ቁልፎች እንዲህ ልናስቀምጣቸው እንችላለን።

1ኛ/ ሰነድ። «ፓስፖርትህ እኔ ዘንድ ይቀመጥልህ» የሚል አሠሪ ወይም ደላላ የመጀመሪያውን ቁልፍ ያዘ ማለት ነው። በባዕድ አገር ሰነድ ሳይዝ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው፣ ተበድሎ ሳለ ወንጀለኛ ይመስላል።

2ኛ/ ዕዳ። የመንገድ፣ የደላላ፣ የምግብ፣ የመኝታ እየተባለ የሚቆጠርና ቢሠሩለት የማይጐድል ዕዳ አለ። መበደር ነውር አይደለም። እዚህ ላይ የሚለየው አበዳሪው ሒሳቡን ብቻውን መያዙ፣ ተበዳሪውም ሌላ ቦታ ሠርቶ ሊከፍል አለመቻሉ ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው። እንግዲህ ለሠራተኛዋ «ለቪዛው ክፈዪ» የሚል ደላላ ከጅምሩ ጥያቄ የሚነሣበት ሰው ነው።

3ኛ/ አሠራር። በሊባኖስና በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ከፋላ» የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያቆራኛል። አንዳንዶቹ አገሮች ሥርዓቱን አላልተውታል፤ የቤት ሠራተኞች ግን ብዙ ጊዜ ከማሻሻያው ውጭ ቀርተዋል። የተደበደበች ሠራተኛ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ የምትባለው እርሷ ናት። እዚህ ላይ ቁልፉ ራሱ ሕጉ ነው። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ትክክል ነው እንዳንል የገዛ ታሪካችን ይከለክለናል፤ በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ባሪያ ይዞታና ነጻ ስለ ማውጣት የሚናገር ክፍል ነበረው።

4ኛ/ ብቸኝነት። ስልኳን የተቀማች፣ ቋንቋውን የማታውቅ፣ ያለችበትን ሰፈር ስም እንኳ የማትናገር ልጅ በሩ ክፍት ቢሆን ወዴት ትሄዳለች?

5ኛ/ ዛቻ። «ለፖሊስ አሳልፌ እሰጥሃለሁ»፣ «ቤተሰብህን እናውቃለን» ይባላል።

6ኛ/ ሐፍረት። ይህኛውን በየዝርዝሩ አናገኘውም፤ ነገር ግን የጸና ቁልፍ ነው። በሬ ተሽጦ፣ ወርቅ ተይዞ፣ ከዕቁብ ተወስዶ የሄደ ልጅ ባዶ እጁን እንዴት ይመለስ? ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ ይተማመንበታልም። ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

የተማረውም ይሸጣል

ብዙዎቻችን በሰው መነገድ የሚጐዳው ፊደል ያልቆጠረ የገጠር ሰው ብቻ ነው እንላለን። ለባሕረ ሰላጤው የቤት ሥራ የሚመለመሉትን ስናስብ እውነት ሊመስል ይችላል። በቅርብ ዓመታት ግን ኮምፒዩተር የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ወጣት ተመርጦ የሚወሰድበት ባርነት መጥቷል።

ነገሩ የሚጀመረው በስልክ ላይ በሚታይ ማስታወቂያ ነው። በታይላንድ የኮምፒዩተር ወይም የደንበኞች አገልግሎት ሥራ፣ ጥሩ ደመወዝ፣ ነጻ መኖሪያ ይላል። ወጣቱ ባንኮክ ሲደርስ በመኪና ተቀብለው ወደ ድንበር ይወስዱታል፤ ወንዝ ያሻግሩትና በማይናማር ምያዋዲ በምትባለው ከተማ አካባቢ በታጠረ ግቢ ውስጥ ያስገቡታል። እዚያ ፓስፖርቱን ይቀማል። ሥራው በሐሰት ስምና በሐሰት ፎቶግራፍ ሩቅ አገር ካሉ ሰዎች ጋር ወዳጅነት መሥርቶ፣ በሐሰት የንግድ ጨዋታ ገንዘባቸውን መዝረፍ ነው። የታዘዘውን ያህል ያላታለለ ይደበደባል፤ በኤሌክትሪክም የተሠቃዩ አሉ። ልውጣ ያለ ቤዛ ይጠየቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2023 ባወጣው ዘገባ፣ በማይናማር ቢያንስ 120 ሺህ፣ በካምቦዲያም 100 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ዓይነት ሁኔታ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፣ ወተቷ ሳይታይ በተስፋዋ ብቻ ተሸጡ።

እዚህ ላይ ሌላ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። እነዚህ ወጣቶች በተያዙበት ጊዜ ሌሎች ሰዎችን አታልለዋል። የአንዲት አሮጊት ጡረታ፣ የአንድ ሠራተኛ ቁጠባ በእጃቸው አልፏል። ታዲያ ተበዳዮች ናቸው ወይስ በዳዮች?

ሁለቱንም ወገን በቅን ልብ ማየት ይገባል። የተዘረፈው ሰው በደል እውነተኛ በደል ነው፤ የዘረፈው እጅ ታስሮ ነበር ብለን ልናጠፋው አንችልም። ነገር ግን ጥፋት የሚመዘነው በእጅ ብቻ አይደለም፤ በፈቃድም ነው። ከበላዩ ዱላ የቆመበት ሰው የሠራው ሥራ ባለቤት ዱላውን የያዘው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ ለንግድ የተዳረጉ ሰዎች በተያዙበት ሁኔታ ምክንያት ለፈጸሙት ሕገ ወጥ ሥራ እንዳይከሰሱ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ መውጣት እየቻለ ለገንዘብ ሲል የቀረ ሰው ወይም ተመልካች ሳያስገድደው ጓደኛውን በጥቅም የጠራ ሰው ከዚህ ጥላ ሥር አይገባም። እንግዲህ እዚህም ላይ የሚለየን ያው ጥያቄ ነው፦ መውጣት ይችል ነበርን?

በደጃችን ያለው

በሩቁ ያለውን ማውገዝ ቀላል ነው። የቅርቡን ማየት ግን ይከብዳል።

በከተማው ውስጥ ስንት ልጅ አለች፣ «እኔ ላስተምራት» ተብላ ከገጠር የመጣች! እናት አምና ሰጠቻት። አምጪዋ ብዙ ጊዜ አክስት ወይም የአገር ልጅ ናት። ከጋሞ ደጋማ ቀበሌዎችም ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ሕፃናት ነገር ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረ ነው። ሙያ ይማራሉ ተብለው ይመጣሉ፤ ከመጡ በኋላ ከጎሕ እስከ ሌሊት በሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ የሚውሉ፣ ትምህርት ቤት የማያዩ አሉ።

የቤት ሠራተኛ ሁሉ ባሪያ ናትን? አይደለችም። በደመወዟ ቤተሰቧን የምትረዳ፣ ማታ የምትማር፣ ካልተስማማት ለቅቃ ሌላ ቤት የምትገባ ሠራተኛ ደመወዟ ትንሽ ቢሆን እንኳ ነጻ ሰው ናት። ነገር ግን ደመወዟ «አጠራቅምልሻለሁ» እየተባለ ዓመት ከዓመት በእጇ የማይገባ፣ ከግቢ እንዳትወጣ የተከለከለች፣ እናቷን በስልክ የምታነጋግረው እመቤቷ ሲፈቅዱ ብቻ የሆነ ልጅስ? እመቤቷ ደግ ሊሆኑ ይችላሉ። ልብስ ያለብሷታል፤ በዓል ሲመጣ ዶሮ አይነፍጓትም። ደግነት መልካም ነው፤ በሩን ግን አይከፍትም።

ተማሪው ይህን የሚያየው በሌላ ሰው ቤት ብቻ ላይሆን ይችላል። ጥናት አጥንቶ ሲጨርስ ቡና የምታቀርብለት ልጅ ስንት ዓመቷ ነው? ትማራለችን? ደመወዟን የሚይዘው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለእናትና ለአባት በአክብሮት ማቅረብ፣ በመድረክ ላይ ስለ ባርነት ንግግር ከማድረግ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ሰዎች «ያስገደዳት ድኽነት ነው እንጂ ሰው አይደለም፤ ድኽነት ማስገደድ ከሆነ ደግሞ ሁላችንም ባሮች ነን» ይላሉ። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ችግር የማያስደርገው ነገር የለም። ነገር ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ድኽነት መንገድ ያጠባል፤ ሆኖም ድኽነት ፓስፖርት አይቀማም፤ በር አይቆልፍም፤ ቤዛ አይጠይቅም። ይህን የሚያደርግ ሰው ነው። ድኻው ያለበትን ጠባብ መንገድ ዐይቶ በመጨረሻው ላይ ወጥመድ የሚያስቀምጥ ሰው፣ መንገዱን ያጠበበው እኔ አይደለሁም ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። በአንጻሩም አነስተኛ ደመወዝ ሁሉ ባርነት ነው ማለት አይገባም። እንዲህ ካልን ቃሉ ይቀልልና በእውነት ለተያዘው ሰው ስንጮኽ የሚሰማን አናገኝም።

ሌሎች ደግሞ «ቢሆንም እዚያ ይሻላታል፤ ስንቶች ሄደው ቤት ሠርተው የለምን?» ይላሉ። ሄደው የተሳካላቸው መኖራቸው እውነት ነው፤ ደስም ያሰኛል። ነገር ግን ውጤቱ ማማሩ ሽያጩን አያጸድቀውም። የዮሴፍን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ20 ብር የሸጡት የገዛ ወንድሞቹ ነበሩ። በኋላ በግብፅ አገር ከፍ ከፍ ቢል፣ ወገኖቹንም ከረኀብ ቢያድን፣ ወንድሞቹ የሠሩት ሥራ መልካም ነበር ያለ አንባቢ የለም። ከዚሁ ታሪክ ሌላም ነገር እንማራለን፤ ሻጩ ሁልጊዜ ባዕድ አይደለም።

እንዴት እንማረው?

ታዲያ ይህ ነገር ለተማሪ እንዴት ይሰጥ? የታሰሩ እጆችን ሥዕል በግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ አይጠቅምም፤ እንዲያውም ተማሪው የሌለውን ሰንሰለት እንዲፈልግ ያስተምረዋል። የሚሻለው ጥያቄ መጠየቅን ማስለመድ ነው። ለምሳሌ በአንድ የውይይት ሰዓት በስልክ የደረሰ የሥራ ማስታወቂያ ቀርቦ እንደሚከተለው ሊመረመር ይችላል።

ሀ/ አሠሪው ማን ነው? በስሙና በአድራሻው ይታወቃልን? ውጭ አገር የሚልክ ከሆነ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዘንድ ፈቃድ ያለው መሆኑ ተጠይቋልን?
ለ/ ሥራው በግልጽ ተነግሯልን? ደመወዙ ከሥራው ጋር ሲመዛዘን ለምን ይህን ያህል በዛ?
ሐ/ ክፍያ የሚጠይቀው ማንን ነው? ብድር የሚያቀርበውስ ማን ነው?
መ/ የሥራ ፈቃድ ሳይኖር በጎብኚ ቪዛ ግባ ይላልን?
ሠ/ «ለማንም አትንገር፤ ዛሬውኑ ወስን» ይላልን?
ረ/ ካልተስማማኝ በምን እመለሳለሁ? ፓስፖርቴ በማን እጅ ይሆናል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ለእርሱ መልስ የሌለው ሥራ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ቢቆም ይሻላል። ይህን ማስታወቂያ ለጓደኛ ማስተላለፍም ቀላል ነገር አይደለም። «ሰው ባመጣህ ቁጥር ይህን ያህል ይከፈልሃል» የተባለ ተማሪ፣ ምንም ክፉ ሐሳብ ባይኖረው፣ ሳይመረምር ካስተላለፈ የሰው ዋጋ ሊቀበል ይችላል።

ሌላው ትምህርት ከተያዘ ሰው ጋር የመነጋገር ትምህርት ነው። የተያዘች ልጅ «ባሪያ ነኝ» አትልም። እንዲያውም «ደኅና ነኝ» ትላለች፤ ጌታዋ አጠገቧ ቆሞ ሊሆን ይችላልና። ነርሷ ወይም መምህሩ ብቻዋን ሊያገኛት፣ በቋንቋዋ ሊያናግራት፣ «ማን አስገደደሽ?» ከማለት ይልቅ «ከወጣሽ ምን ይደርስብሻል?» ብሎ ሊጠይቃት ይገባል። ከዚያም በችኮላ በር ሰብሮ ላውጣት ማለት አደጋ አለው፤ እርሷንም ቤተሰቧንም ሊያስጐዳ ይችላል። ያዩትን በጥንቃቄ መያዝ፣ ወሬውን አለመንዛት፣ ለፖሊስና በዚህ ሥራ ለተሰማሩ ማስታወቅ፣ የልጅቱንም ሐሳብ መስማት ያስፈልጋል። ነጻ ላወጣሽ ብሎ ሐሳቧን ሳይጠይቅ የሚወስንላት ሰው ሳያውቀው ሌላ ጌታ ሆኖባታል።

በእጃችን ያለው ቁልፍ

ከላይ ከቈጠርናቸው ስድስት ቁልፎች አምስቱ በነጋዴው፣ በአሠሪውና በመንግሥታት እጅ ናቸው። እነርሱን ለማስለቀቅ ሕግ፣ ዳኛ፣ ስምምነትና ብዙ ድካም ይጠይቃል። ስድስተኛው ግን፣ ሐፍረቱ፣ በእኛ እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. ከኅዳር ወር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከዚያም በኋላ የተመለሱት ብዙ ናቸው። እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ሰፈር፣ ወደ አንድ ቤት ነው የገቡት። እኛም እዚያው ነበርን። «ምን ይዛ መጣች?» ያለው ማን ነበር? «እገሊት እኮ ፎቅ ሠራች» ብሎ ያነጻጸረውስ? «ፈቅዳ ሄዳ ደግሞ» ብሎ ከንፈሩን የመጠጠው? በባዕድ አገር በተቆለፈ ቤት ውስጥ ያለችው ልጅ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ ከወጣሁ የሚጠብቀኝ ይህ ነው ብላ ታስባለች። ስለዚህ በሩ ቢከፈትላት እንኳ ቆማ ታመነታለች።

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፤ ፈቅዶ የገባ ሰው ባሪያ ሊባል ይችላልን? አዎን፣ ይችላል፤ መውጣት ካልቻለ። ከማይችልባቸው ምክንያቶች አንዱም የእኛ አፍ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ በሰፈራችን ያለች እንደ ሆነ ስለ ያዘችው ዕቃ አንጠይቃት። እንኳን በደኅና መጣሽ ብለን ቡና እናፍላላት፤ መናገር የወደደች ዕለትም እንስማት። እርሷን እንዴት እንደ ተቀበልናት ገና ያልወጣችው ትሰማለችና።